የገዛነው ዕቃ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። ወጥ ቤት ያላችሁም፣ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙንም፣ የሌሊት ሥራ ላይ ያላችሁም፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱን።

ዛሬ የማወራችሁ በዓይን ስለማይታይ ቁልፍ ነው። በገንዘባችን የገዛነውን ዘፈን፣ ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ስልክ ሳይቀር እንደ ልባችን እንዳንጠቀምበት የሚያደርግ ቁልፍ። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ነው። ቁልፉም፣ ቁልፉን የሚጠብቀው ሕግም፣ በሕጉ ላይ የተነሣው ክርክርም በብዛት እዚያ የተካሄዱ ናቸው። ጦሱ ግን እኛም ቤት ይደርሳል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አሜሪካ ያለ ዘመድ ስልክ ላከላችሁ እንበል። ስልኩ ደኅና ነው፣ ካሜራውም ጥሩ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ ስታስገቡበት ግን አልቀበልም ይላል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። የሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ «ከእኔ ሲም ካርድ በቀር የሌላ አትቀበል» ብሎ ቆልፎ ስለሸጠው ነው። ያን ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? ስልክ ሠሪ ዘንድ ትሄዳላችሁ፤ «ዲኮድ አድርግልኝ» ትላላችሁ፤ ትከፍላላችሁ፤ ይከፈታል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የገዛችሁትን ስልክ ቁልፍ ማስከፈት ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

(አጭር ፋታ)

አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ስልክ ለማስከፈት ልዩ ፈቃድ ነበረ። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ይመስላችኋል? የስልክ አገልግሎትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው! በ2012 መጨረሻ ላይ ይኸው ኃላፊ ፈቃዱን አላራዝምም አለ። ከጃንዋሪ 26 ቀን 2013 ወዲህ የተገዛ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ቢከፈት ሕገ ወጥ ሆነ። ሕዝቡ ተቆጣ። ከ100,000 በላይ ሰዎች አቤቱታ ፈርመው ለዋይት ሐውስ አስገቡ። ነገሩ ኮንግረስ ደረሰና ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦገስት 1 ቀን 2014 ስልክ ማስከፈትን መልሶ የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ።

የስልክ ነገር ከቤተ መጻሕፍት ጋር ምን አገናኘው? ስልኩን የሚያሠራው ሶፍትዌር በሕግ ፊት ልክ እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን የቅጂ መብት ያለው ሥራ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ያለበት ዕቃ ሁሉ፣ ስልክም ይሁን መኪና፣ ትራክተርም ይሁን የሕክምና መሣሪያ፣ በዚህ የቅጂ መብት በር ሊያልፍ ይገደዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ እንዴት መጣ? ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ ካሴት ዘመን እንመለስ።

(ድምፅ፦ የቪዲዮ ካሴት ወደ ማጫወቻው ሲገባና ቁልፉ ሲጫን)

አቅራቢ፦ ይህን ድምፅ ታስታውሱታላችሁ? ወጣት አድማጮቻችን ምናልባት አታውቁት ይሆናል፤ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1975 ቤታማክስ የሚባል መሣሪያ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። መሣሪያው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ዝግጅት ካሴት ላይ ይቀዳል። ማታ ሥራ ያለው ሰው ዝግጅቱን አስቀድቶ በማግሥቱ ያያል። ነገሩ ይኸው ነው። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ የተባሉት የፊልም ኩባንያዎች ግን በ1976 ሶኒን ከሰሱ። «ሥራችን ያለ ፈቃዳችን እየተቀዳ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ሊታገድ ይገባል» አሉ። የሆሊውድ ኩባንያዎች ማኅበር መሪ የነበሩት ጃክ ቫለንቲ በ1982 ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ ይህ መሣሪያ ለፊልም ሥራ የሚያመጣውን ጥፋት ቦስተን ውስጥ ሴቶችን አንቆ ከሚገድል ነፍሰ ገዳይ ጋር አመሳስለውታል። ፍርሃቱ የዚህን ያህል ነበር።

ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 17 ቀን 1984 ዘጠኙ ዳኞች 5 ለ 4 ተከፍለው ወሰኑ። በአንድ ድምፅ ብልጫ! ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው። ምን አሉ? ሰው በቤቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀድቶ በኋላ ቢያይ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አሉ። መሣሪያውም ሕጋዊ አገልግሎት እስካለው ድረስ አንዳንዱ ሰው አላግባብ ሊጠቀምበት ይችላል ተብሎ ከገበያ አይታገድም አሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ደግሞ ፍሬድ ሮጀርስ ነበሩ፤ አሜሪካ ያደጋችሁ የልጆች ዝግጅታቸውን ታውቁታላችሁ። ቤተሰቦች ዝግጅቴን ቀድተው በሚመቻቸው ሰዓት አብረው ቢያዩ አልቃወምም ሲሉ መሰከሩ፤ ፍርድ ቤቱም ምስክርነታቸውን በውሳኔው ጠቅሶታል።

ከዚያስ ሆሊውድ ጠፋ? አልጠፋም። ያን ያህል የተፈራው የቪዲዮ ካሴት ለፊልም ኩባንያዎቹ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ያልኩትን ላብራራ። የዛሬው ውይይታችን የሚቆምበት መሠረት እሱ ነውና።

የደራሲው መብት ይከበራል። ይህ አያከራክርም። ሌሎች ግን ያለ ፈቃድም ቢሆን በአግባቡ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነገር አለ። መምህርት ለተማሪዎቿ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ታነባለች። ሐያሲ ስለ ፊልሙ ሲጽፍ ንግግር ይጠቅሳል። አሜሪካኖቹ ይህን በ1976 በሕግ አስፍረውታል፤ ዳኛው አራት ነገር እንዲያመዛዝን ያዛል። ለምን ተጠቀምክበት? ሥራው ምን ዓይነት ነው? ምን ያህሉን ወሰድክ? የባለቤቱን ገበያስ ጎዳህበት?

እነዚህን ጥያቄዎች ልብ በሉልኝ። ሁሉም ሰው አስቦ፣ ጠይቆና አመዛዝኖ የሚመልሳቸው ናቸው። ዳኛም እንኳ በ5 ለ 4 የሚለያይባቸው ናቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ ዲስክ ላይ ያለ ቁልፍ እነዚህን ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይችላል? መምህርቷን ከሌባው ለይቶ ያውቃል? አያውቅም። የዛሬው ነገራችን ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ቁልፉ የሚያውቀው ክፈት ወይም ዝጋ የሚለውን ብቻ ነው።

በመሐል ትንሽ አስተዋይነት ያለው ቁልፍ ተሞክሮ ነበር። በ1992 የወጣ ሕግ ዲጂታል የድምፅ መቅጃዎች ልዩ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው አዘዘ። መቆጣጠሪያው ከዋናው ቅጂ መገልበጥን ይፈቅዳል፤ የግልባጩን ግልባጭ ግን ይከለክላል። ሰው ለመኪናው አንድ ግልባጭ ያገኛል፤ ነጋዴው ግን ከአንዱ ግልባጭ ሌላ እያባዛ ሊቀጥል አይችልም። ከመሣሪያውና ከባዶ ካሴቱ ሽያጭም ለሙዚቃ ባለቤቶች ድርሻ እንዲቆረጥላቸው ተደረገ። ፍጹም አልነበረም፤ መሣሪያዎቹም በገበያ ላይ ብዙም አልገፉም። ቢሆንም ቁልፍ ሲሠራ የተጠቃሚው መብት አብሮ ሊታሰብ እንደሚችል ያሳየ ሙከራ ነበርና በዚያ መንገድ አለመቀጠሉ ያሳዝነኛል።

(ፋታ)

የተሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ1996 መጨረሻ ጄኔቫ ላይ አገሮች ስለ ዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ስምምነት አደረጉ። አሜሪካ ስምምነቱን ለመፈጸም ያወጣችውን ሕግ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ፈረሙበት። ስሙ ዲጂታል ሚሌኒየም ኮፒራይት አክት ነው። ሕጉ ዲጂታል ቁልፍን መስበር ራሱን የቻለ ጥፋት አደረገው። መስበሪያውን ሠርቶ ማከፋፈልም እንዲሁ ተከለከለ።

ይህችን ነጥብ ልድገማት፤ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ እሷን ያዙ። ከዚያ በፊት ጥያቄው «በቅጂው ምን አደረግህ?» ነበር። ከ1998 ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል፦ «ቁልፉን ሰብረሃል ወይ?»

የሚገርመው ይኸው ሕግ ፍትሐዊ አጠቃቀምን አልነካም የሚል አንቀጽ አለው። መብቱ አለህ ይላል፤ መብትህ ላይ የሚያደርስህን በር መክፈቻ ግን ማንም ሠርቶ እንዳይሰጥህ ይከለክላል። እኔ ይህን መብት ሰጥቶ እንደ መንሣት ነው የማየው።

(ድምፅ፦ የዲስክ ማጫወቻ ሲከፈትና ሲዘጋ)

አቅራቢ፦ ዲቪዲን እንውሰድ። ሆሊውድ የሚሸጠው ዲቪዲ በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ማጫወቻ ብቻ ይፈታዋል። በዚያ ላይ የአካባቢ ቁጥር አለው። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2 ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5 ነው። እንግዲህ ዋሽንግተን ያለች እህት በሕጋዊ መንገድ፣ በሙሉ ዋጋ የገዛችውን ፊልም ለአዲስ አበባ ቤተሰቧ ብትልክ፣ የቤተሰቡ ማጫወቻ በቁጥር 5 የተወሰነ ከሆነ አያጫውተውም። ዱባይ ያለችው ብትልክም ያው ነው። መንገድ ዳር ተባዝቶ የሚሸጠው ዲስክ ግን ቁልፉ ቀድሞ ተሰብሮ ወጥቷልና በየቤቱ ይጫወታል።

ማን ተጎዳ? ገንዘብ ከፍላ በአግባቡ የገዛችው። ቁልፉ ይይዘዋል የተባለው አባዢስ? እሱ አልተነካም።

በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ ይህን የዲቪዲ ኮድ የሚፈታ ፕሮግራም በኢንተርኔት አወጣ። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ የገዙትን ዲቪዲ ማየት የሚቻልበት መንገድ ይፈለግ ነበር። አገሩ ከሰሰችው። የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2003 መጀመሪያ ነፃ ለቀቀው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ አለው። የራሱን ዲስክ ማየት መብቱ ነው ተባለ።

አሜሪካስ? ፕሮግራሙን ያወጣ አንድ መጽሔት ተከሰሰና ተሸነፈ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 ሲወስን፣ ፍትሐዊ አጠቃቀም ማለት በተሻለው መንገድና በዋናው ጥራት ልክ የመገልበጥ ዋስትና ማለት አይደለም አለ። ከፊልም ላይ ቁራጭ የፈለገ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ካሜራ ደግኖ ሊቀርጽ ይችላል አለ። በ2009 ደግሞ የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ይህንኑ፣ ቴሌቪዥን ፊት ካሜራ አቁሞ መቅረጽን፣ በቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ችሎት ላይ በቪዲዮ አሳየ። የፊልም ትምህርት የምትሰጥ መምህርት የገዛችውን ዲስክ ቴሌቪዥን ላይ እያጫወተች፣ መብራት አጥፍታ፣ የደበዘዘ ምስል ቀርጻ ተማሪዎቿን ታስተምር ማለት ነው። ይህ ለትምህርት ክብር አይደለም። ደግነቱ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለዩኒቨርሲቲ የፊልም መምህራን ልዩ ፈቃድ በ2006 ተሰጥቷል፤ በ2010 ለሌሎች መምህራንና ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችም ሰፋ።

(ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ)

አቅራቢ፦ አብራችሁን ናችሁ? አሁን ወደ አንድ ከባድ ታሪክ እንለፍ። ቁልፉ ከገዢው መብት አልፎ የገዢውን ንብረት ስለጎዳበት ጊዜ ነው።

2005 ነው። ሶኒ ቢ ኤም ጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ከ50 በላይ በሆኑ አልበሞች ሲዲ ላይ አንድ መከላከያ አኖረ። ደንበኛው ሲዲውን ገዝቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ፣ ዘፈኑን ለመስማት አንድ ፕሮግራም እንዲጭን ይጠየቃል። ይጭናል። ከጀርባ ግን ምን እንደገባበት አልተነገረውም። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥር ሰደደ፤ ባለቤቱ እንዳያየውም ራሱን ደበቀ።

ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ የራሱን ኮምፒውተር ሲመረምር ይህን ድብቅ ነገር አገኘና ኦክቶበር 31 ቀን 2005 ለሕዝብ አሳወቀ። ድብቁን ፕሮግራም በእጁ ሊያጠፋው ሲሞክር ሲዲ ማጫወቻው ራሱ ከኮምፒውተሩ ጠፋበት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ በአንድ የተወሰነ ስም የሚጀምርን ፋይል ሁሉ ስለሚደብቅ፣ የቫይረስ ሠሪዎች ቫይረሳቸውን በዚያው ስም ጠርተው ከለላው ሥር አስገቡት። ሳምንታት አልፈጀባቸውም። ኩባንያው ማጥፊያ ብሎ ያወጣው ፕሮግራምም የራሱን የደኅንነት ቀዳዳ ከፈተ።

እስቲ አስቡት። ይህ ሁሉ የደረሰው በማን ላይ ነው? ሱቅ ሄዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ሲዲ የገዛው ሰው ላይ። ዘፈኑን ከኢንተርኔት ያለ ክፍያ የወሰደው ሰው ኮምፒውተር በዚህ ቁልፍ አልተነካም። ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ ቁልፍ በሌለባቸውም ለወጠ። ተከሰሰ፤ ለገዢዎችም ካሳ ለመክፈል ተስማማ። በ2007 ደግሞ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ኮምፒውተራቸው ለተበላሸባቸው እስከ 150 ዶላር የማሠሪያ ሊከፍል ቃል ገባ።

እኔ ዘፋኝ እንዳይዘረፍ የምፈልግ ሰው ነኝ። ስንት ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ የለፋበት ካሴት በወጣ በሳምንቱ ተባዝቶ ሲሸጥበት እንዳዘነ ታውቃላችሁ። ያንን ሥራ አባዝቶ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ሌባን ለመያዝ ተብሎ የገዢ ቤት በድብቅ አይገባም።

(ፋታ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ያወራነው በእጅ ስለሚያዝ ነገር ነው። ዲስክ ቢያንስ መደርደሪያችሁ ላይ ይኖራል። ዛሬ የምንገዛው አብዛኛው ነገር ግን በእጅ አይያዝም። በመሣሪያው ላይ «ግዛ» የሚል ምልክት እንጫናለን፤ ገንዘቡ ከካርዳችን ይቆረጣል፤ መጽሐፉ ይመጣል። የእኛ ሆነ ማለት ነው?

በ2009 ጁላይ ወር ላይ ኪንድል በተባለው የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መጽሐፍ የገዙ አንዳንድ ሰዎች መሣሪያቸውን ሲከፍቱ መጽሐፋቸው የለም። የጠፉት ሁለት የጆርጅ ኦርዌል ሥራዎች ናቸው፦ ናይንቲን ኤይቲ ፎር እና አኒማል ፋርም። በመደብሩ ያቀረባቸው አሳታሚ አሜሪካ ውስጥ መብቱ አልነበረውም። አማዞን ይህን ሲያውቅ የገዢዎቹን ገንዘብ መለሰና መጽሐፎቹን ከየሰዉ መሣሪያ ላይ በሩቅ አጠፋቸው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርቱ በመጽሐፉ ላይ ያሰፈረው ማስታወሻ ከንቱ ቀረበት። ተማሪው ከሰሰ። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ኩባንያውም ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር እንዲህ ያለ ነገር ላለመድገም ተስማማ።

ልብ በሉ፤ አሳታሚው አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡም ተመልሷል። ግን የመጽሐፍ ሻጭ የሸጠው መጽሐፍ ችግር አለበት ብሎ ሌሊት ቤታችሁ ገብቶ ከትራስጌያችሁ ይወስዳል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ!

በ2019 ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደግሞ የተሸጡት መጽሐፎች ሁሉ መነበባቸውን አቆሙ። ገንዘብ መልሷል። ማብቂያው ግን በሻጩ እጅ መሆኑን አየን። የወረቀት መጽሐፍ አሳታሚው ቢዘጋም ይነበባል። ለልጅ ይወረሳል፤ ለጎረቤት ይዋሳል፤ አሮጌ መጽሐፍ ተራም ይሸጣል። በቁልፍ የተሸጠ መጽሐፍ ይህ የለውም።

(ለስለስ ያለ ሙዚቃ፤ ከንግግሩ ሥር ለጥቂት ሰከንድ ይቆይና ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አሁን የምናገረው ሬዲዮን ከማንም በላይ ስለሚያዳምጡ ወገኖቻችን ነው፤ ማየት ለተሳናቸው።

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለዓይነ ስውር አንባቢ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቡ። ብሬይል ሳይጠብቅ፣ የሚያነብለት ሰው ሳይለምን፣ መሣሪያው ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። መጽሐፉ በታተመ ዕለት! በ2009 መጀመሪያ የወጣው ሁለተኛው ኪንድል ይህን ማድረግ ይችል ነበር። የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ግን በድምፅ የሚነበበው ነገር የተተረኩ መጽሐፎችን ገበያ ይነካል ሲል ተቃወመ። አማዞን ተመለሰና ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የድምፅ ንባቡን የመብቱ ባለቤት ሊዘጋው እንዲችል አደረገ። በኤፕሪል ወር ዓይነ ስውራንና ደጋፊዎቻቸው ኒው ዮርክ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፍ ወጡ። ነፃ ስጡን አላሉም። እንክፈል፣ እንግዛ፣ የገዛነውን ግን እንድናነብ ተዉን ነው ያሉት።

የአሜሪካ ሕግ የድምፅ ንባብ የተዘጋባቸውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፎች ቁልፍ ለመክፈት ከ2003 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። ፈቃዱ ግን ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ እንደገና ማመልከት፣ እንደገና ማስረዳት። ዓይነ ስውርነት በሦስት ዓመት የሚታደስ ነገር ነው እንዴ? የኋላ ኋላ አሠራሩ ቀለል ተደረገ፤ ቢሆንም ፈቃዱ ዛሬም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

መልካም ዜናም አለ። በጁን 2013 ሞሮኮ ውስጥ፣ ማራካሽ ላይ፣ አገሮች ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ስምምነት አጸደቁ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 በሥራ ላይ ዋለ። ዓይነ ስውራን ሊያነቡት በሚችሉት መልክ መጽሐፍ ማዘጋጀትንና ከአገር አገር መለዋወጥን ይፈቅዳል። ዲጂታል ቁልፍም ይህን መብት እንዳያግድባቸው አገሮች ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዛል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች። ስለዚህ ማየት የተሳናችሁ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ አሳታሚዎች፣ ይህን ስምምነት ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁበት፤ ተገልገሉበት።

ስለ አገራችን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም ይላል። ገደብ ግን አለው። ሙሉ መጽሐፍን ወይም ዋነኛ ክፍሉን ፎቶ ኮፒ ማድረግን አይጨምርም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ይህን አስምሩበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ «ታዲያ ቁልፍ ካልተደረገ ደራሲውና ዘፋኙ በምን ይኑር?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከሙዚቃው ዓለም የሆነውን ልንገራችሁ። አፕል በ2003 የከፈተው የአይቲዩንስ መደብር ዘፈኖቹን በቁልፍ ነበር የሚሸጠው። በ2007 ፌብሩዋሪ የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስ በይፋ ጽፎ፣ ቁልፉን የሚፈልጉት የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ናቸው፤ እነሱ ቢስማሙ ቁልፍ የሌለበት ዘፈን ወዲያው እንሸጣለን አለ። በጃንዋሪ 2009 አፕል በመደብሩ ያሉትን ዘፈኖች በሙሉ ያለ ቁልፍ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ሙዚቃ መሸጡ ቀረ? አልቀረም። ሰው ተመጣጣኝ ዋጋና ቀላል መንገድ ሲያገኝ ይከፍላል። ቁልፉ ግን አባዢውን አያስቆመውም፤ ከሚሊዮን አንድ ሰው ከሰበረው ለሁሉም ተሰብሯልና። ተቆልፎ የሚቀረው መስበር የማይችለው፣ ሕግ የሚያከብረው ገዢ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አባዝቶ የሚነግደውን ሕግ ይከታተለው፤ የገዛ ሰው ግን የገዛውን ይጠቀም።

አሁን ወደ እናንተ ኪስ ልምጣ። ነገ አንድ ነገር ልትገዙ ነው እንበል። ስልክ ከሆነ፣ ለአገር ቤት የምትልኩት ከሆነ በተለይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለማንኛውም ሲም ካርድ ክፍት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ኩባንያው ክፍያው ሲያልቅ መክፈት አለመክፈቱን፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፍተው በጽሑፍ ያዙ። መጽሐፍ ወይም ዘፈን ከሆነ፣ ፋይሉን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት በሌላ መሣሪያ ልትከፍቱት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ የእናንተ ነው ለማለት ትቀርባላችሁ። ካልቻላችሁ ኪራይ ነው፤ ኪራይነቱን አውቃችሁ፣ በኪራይ ዋጋ መዝኑት። ብዙ ደራስያንና አሳታሚዎች ያለ ቁልፍ ይሸጣሉ፤ ገንዘባችሁን ወደ እነሱ ውሰዱት።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ሕግ አላችሁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዲጂታል ነገር የሚሸጥ ድርጅት፣ የሚሰጣችሁ ሻጩ ሊነሣችሁ የሚችል የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ፣ ያንን በግልጽ ሳይነግራችሁ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሊጠቀም አይችልም። ክፍያው ላይ ስትደርሱ ያቺን ማሳሰቢያ ሳታነቡ አትለፉ።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ፈቃዶቹን መጨረሻ የመረመረው በ2024 ነው፤ ቀጣዩ 2027 ላይ ነው። አስተያየት ለማስገባት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሰው መጻፍ ይችላል። በገዛችሁት ዕቃ ላይ የገጠማችሁ ቁልፍ ካለ ለእኛም ጻፉልን። ምን እንደገዛችሁ፣ ምን ልታደርጉበት ስትሉ እንደተከለከላችሁና ሻጩ ምን ብሎ እንደመለሰላችሁ ንገሩን። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)